የቀረጻ ኮምፒውተሬን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሳደግ እንዴት እንደወሰንኩ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ጎንደር ውስጥ በድምፅ ቀረጻ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች በተገናኘን ቁጥር የምናነሣው አንድ ጥያቄ አለ። የምንቀርጽበት ኮምፒውተር ባለበት ይቆይ ወይስ ወደ ዊንዶውስ 11 ይደግ? ጥያቄው ስለ ቢሮ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላከራከረ ነበር፤ ደብዳቤ የሚጻፍበትና ሒሳብ የሚሠራበት ኮምፒውተር አዲስ ስርዓተ ክወና ቢጫንለት ባለቤቱ ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ያጣል። የቀረጻ ኮምፒውተር ግን ድምፅን ወደ ኮምፒውተሩ ከሚያስገባውና ከሚያስወጣው ሳውንድ ካርድ፣ ካርዱን ከዊንዶውሱ ጋር ከሚያግባባው ድራይቨር፣ ከቀረጻ ሶፍትዌሩ፣ ባለፉት ዓመታት አንድ በአንድ ከተጫኑት ፕለጊኖች፣ ማለትም ድምፅ ከሚያስተካክሉና ከሚፈጥሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም ከየፕለጊኑ ፈቃድ ጋር ተሳስሮ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ አዲሱን ስርዓት አልቀበልም ካለ ስቱዲዮው በሙሉ ሥራ ይፈታል። እኔ ውሳኔዬን ያደረግሁት ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ነው። ምን ምን መዝኜና ምን ፈትሼ እንደወሰንኩ በዝርዝር የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ውሳኔ የሚጠብቃቸው የሙያ ባልደረቦቼ ቢያንስ ከየት መጀመር እንዳለባቸው እንዲያውቁ ነው።

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለች ባለሁለት ክፍል ስቱዲዮ ነው። አብዛኛው ሥራዬ መዝሙር፣ የሰርግ ዘፈን፣ የመሰንቆና የክራር ባህላዊ ሥራ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም ማስታወቂያ እቀርጻለሁ። ኮምፒውተሬ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም ያለው ዴስክቶፕ ነው፤ የምቀርጸው ኪውቤዝ በተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሳውንድ ካርዴ ስምንት የማይክ መግቢያ ያለው፣ በዩኤስቢ የሚገናኝ፣ ዕድሜው የገፋ ግን ድምፁ እስከ ዛሬ የማያሳፍር ዕቃ ነው። ይህን የምጠቅሰው አንባቢ የራሱን ዕቃ ከእኔው ጋር እንዲያነጻጽር ብዬ ነው፤ ውሳኔው እንደ ዕቃው ይለያያልና።

በእኛ ሙያ የተለመደው አቋም በደንብ የሚሠራ ኮምፒውተርን አለመንካት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ በዚሁ አቋም ጸንቻለሁ፤ ትክክልም ነበር። ዊንዶውስ 11 በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ለቀረጻ ሥራ የሚጨምርልን ነገር ስላልነበረ የምንጣደፍበት ምክንያት አልነበረም። ድጋፉ ከቆመ በኋላም ቢሆን፣ ከኢንተርኔት ፈጽሞ የማይገናኝ የቀረጻ ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ስለቀረበት በማግስቱ ሥራውን አያቆምም። ይሁን እንጂ የራሴን ኮምፒውተር አሠራር በቅንነት ስመረምር፣ «ከኢንተርኔት የማይገናኝ» የሚለው ቃል ለእኔ እንደማይሠራ ተረዳሁ። ደንበኞች ቅንብሩን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ያ ፍላሽ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት የት የት እንደተሰካ ማንም አያውቅም። አዲስ አበባ ያሉ አቀናባሪዎች ትራኮቻቸውን በቴሌግራም ይልካሉ፤ የተጠናቀቀውንም ሥራ በዚያው መልሰን እንልካለን። እነዚሁ አቀናባሪዎች ሶፍትዌራቸውን ሲያሳድጉ የሚልኩልኝ የኪውቤዝ ፕሮጀክትም በአዲስ እትም የተሠራ ይሆናል፤ በአዲስ እትም የተሠራ ፕሮጀክት ደግሞ በአሮጌው እትም ሲከፈት ሁሉ ነገር በቦታው ስለመገኘቱ ዋስትና የለም። የሶፍትዌር አምራቾችም ድጋፉ ለቆመ ስርዓት አዲስ እትም ማዘጋጀታቸውን ቀስ በቀስ መተዋቸው አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ «ልደግ ወይስ ልቅር» ከመሆን አልፎ «መቼና በምን ዓይነት መንገድ» ወደሚል ተለወጠ።

ሁሉም ሰው ግን ይህ ምርጫ የለውም። ዊንዶውስ 11 ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም፤ ከዚህ በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከላከለውን ሴኪውር ቡትን ይጠይቃል። የእኔ ኮምፒውተር መጀመሪያ በማይክሮሶፍት መመርመሪያ ፕሮግራም ሲታይ መስፈርቱን አያሟላም የሚል መልስ ሰጠ፤ ምክንያቱ ግን ቲፒኤሙ ከፋብሪካው ሳይበራ የመጣ መሆኑ ብቻ ነበር። ቲፒኤሙ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ፣ ማለትም በባዮስ ውስጥ፣ በኢንቴል ማዘርቦርዶች ብዙውን ጊዜ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲዎቹ ደግሞ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሰው «ኮምፒውተርህ አይሆንም» ሲባል ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ባዮሱን ይመልከት።

አዘዞ የሚሠራ አንድ ባልደረባዬ ኮምፒውተሩ ስድስተኛ ትውልድ ነው። መስፈርቱን ዘሎ የሚጭንበት ዘዴ መኖሩን ሰምቶ አማከረኝ። ዘዴው አለ፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የተጫነ ዊንዶውስ ወደፊት ማሻሻያ እንደሚደርሰው ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም፤ የእንጀራ ገመድን እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማንጠልጠል አልታየኝም። ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመው የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይቆያል። እርሱም በዚያ ተመዝግቦ ቀረጻውን በያዘው ዊንዶውስ 10 ቀጠለ፤ የቀረጻ ኮምፒውተሩን ማሻሻያውን ከሚቀበልበት ጊዜ በቀር ከኢንተርኔት ነቀለ፤ ፍላሽ የሚፈተሽበትና ቴሌግራም የሚከፈትበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለብቻው መደበ። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ለእርሱ ዕቃና አቅም ከዚህ የተሻለ ውሳኔ አይታየኝም።

ማክ የሚጠቀሙትም ተመሳሳይ መንገድ ቀድመው አልፈውታል። አፕል በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ያወጣው ካታሊና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ መቀበል ሲያቆም፣ ማሻሻያውን ሳያጣሩ የተቀበሉ ብዙ ሰዎች የቆዩ ፕለጊኖቻቸውን በአንድ ጊዜ አጥተዋል። ማክ ያለው ሰው ከማሻሻሉ በፊት እያንዳንዱ ፕለጊኑ ባለ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጥ፤ የተቀረው ከዚህ በታች የምለው ለእርሱም ያገለግላል።

ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ መመለሻው ነው። አዲሱ ስርዓት ካልተስማማኝ በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ኪሳራ ወደ ነበርኩበት እመለሳለሁ? ዊንዶውስ 10 ላይ ቀጥታ ወደ 11 ያሳደገ ሰው ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ዊንዶውሱ ራሱ ያስቀምጥለታል፤ ይሁን እንጂ ዕድሉ 10 ቀን ብቻ ነው። ለቀረጻ ሥራ 10 ቀን በጣም አጭር ነው። የድራይቨር ችግር አንዳንዴ የሚገለጠው ስምንቱም ማይክ አንድ ላይ ተከፍቶ ለሰዓታት ሲቀረጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በየሳምንቱ አይመጣም። ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ ጨርሶ ሳልነካ አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቼ ዊንዶውስ 11ን በእርሱ ላይ ለብቻው ለመጫን ወሰንኩ። እንዲህ ሲሆን መመለስ ማለት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የዲስኩን ገመድ መቀየር ማለት ነው፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እንኳ ሊደረግ ይችላል። ለአዲስ ዲስክ የሚወጣው ገንዘብ የበዛባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ አላቸው፤ ክሎንዚላ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የአሮጌውን ዲስክ ሙሉ ቅጂ በውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ አሮጌ ዲስክ ሳይነካ ቢቀመጥም በዕድሜው ሊበላሽ ይችላልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በአዲሱ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ አሮጌው ዲስክ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ሁለቱም ተሰክተው ከተጫነ መጫኛው የማስነሻ ፋይሎቹን በአሮጌው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ዲስክ ያለ ሌላው አይነሣም፤ መመለሻ ብለን ያዘጋጀነውም መመለሻ አይሆንም።

ጊዜውን መምረጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጎንደር ላይ ከታኅሣሥ ጀምሮ የጥምቀት መዝሙርና የባህል ዘፈን ቀረጻ ይበረታል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሰርጉ ወቅት ይመጣል፤ ጾሙ እስኪገባ ድረስ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስርዓተ ክወና መንካት በደንበኞች ሥራ መጫወት ነው። ክረምቱ ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ስለሆነ ብዙዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይመርጡታል፤ እኔ ግን አልመረጥኩትም፤ ምክንያቱም ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ የሚበዛበትና መብራት ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥበት ጊዜ ነው። ዊንዶውስ በመጫን ላይ እያለ ወይም ባዮስ እየታደሰ መብራት ቢጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ፕሮጀክት ሳይቀመጥ ከመጥፋት ይከፋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰርግ የለም፤ ዘፈን የለም፤ ሰማዩም ደረቅ ነው። የሚመጣው ሥራ በአብዛኛው በገናና የንስሓ መዝሙር ሲሆን፣ እርሱም የተረጋጋና ጊዜ የሚሰጥ ነው። ዩፒኤስ ያለው ሰው ያም ሆኖ ባትሪው ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ምን ያህል ጊዜ እንደሚሸከም አስቀድሞ ይለካ፤ የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ሌሊት አስቀድሞ አውርዶ በፍላሽ ማዘጋጀትም ያስፈልጋል። የሳውንድ ካርዱ፣ የኔትወርኩና የማዘርቦርዱ ድራይቨሮችም አብረው ይውረዱ።

አዲሱን ዲስክ ከመግጠሜ በፊት ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ያላለቁትን ሥራዎች ማዳን ነው። አንድ ፕሮጀክት ፋይል ያለ ፕለጊኖቹና ያለ ድምፅ ቤተ መጻሕፍቱ (አስቀድመው የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ) ባዶ ሠንጠረዥ እንደማለት ነው። ስለዚህ በእጄ ያሉትን ፕሮጀክቶች ሁሉ ከፍቼ፣ እያንዳንዱን ትራክ ከዘፈኑ ዜሮ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ወደ ዌቭ ፋይል አወጣሁ። ሁሉም ትራክ ከአንድ ቦታ ከጀመረ በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ሳይዛነፍ ይገጥማል። ቦታ ይፈጃል የሚል ሰው ስሌቱን ይመልከት፤ አንድ ሞኖ ትራክ በዚህ ጥራት በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 24 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን እንግዲህ በ1 ጊጋባይት ገደማ ይጠቃለላል። ለአንድ ደንበኛ ሥራ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ከኪቦርድና ከድምፅ ቤተ መጻሕፍት የሚመጡትን ክራሮች፣ ዋሽንቶችና ከበሮዎች በድምፅም፣ የተነኩትን ኖታዎች ብቻ በሚመዘግበው በሚዲም አስቀመጥኋቸው። የዘፈኑን ፍጥነት፣ ቅኝቱን፣ ከየትኛው ኖታ እንደተነሣና የዋናውን ድምፅ ፕለጊኖች አቀማመጥ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ጻፍኩ። ፎልደሮቹንም በላቲን ፊደል ሰየምኩ፤ በግዕዝ ፊደል መጻፉን እወዳለሁ፣ ነገር ግን አንዳንድ የቆዩ ፕለጊኖች በግዕዝ በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ያለን ድምፅ ማንበብ አይችሉም።

ፈቃዶችም አሉ። በኮምፒውተሩ ላይ የታሰሩ ፈቃዶች አሮጌው ስርዓት እየሠራ ሳለ መለቀቅ አለባቸው፤ አለበለዚያ አምራቹ ፈቃዱ አሁንም በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። አይሎክ በተባለው ፈቃድ መያዣ የዩኤስቢ ቁልፍ ላይ ያሉት ግን ቁልፉ ወደ ተሰካበት ይከተላሉ። ኪውቤዝ በ2014 ዓ.ም. ከወጣው 12ኛ እትሙ ጀምሮ የዩኤስቢ ቁልፍ መጠየቁን ትቷል፤ ከዚያ በፊት ያለውን እትም የሚጠቀም ሰው ቁልፉንና የቁልፉን ፕሮግራም አንድ ላይ ይጠብቅ። ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ ስለሚሠራው ክራክ ሶፍትዌርም በግልጽ መናገር አለብኝ፤ በከተማችን በብዙ ስቱዲዮዎች እንዳለ የታወቀ ነውና። ከውጭ አገር ሶፍትዌር ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ነገር ግን ክራክ የተደረገ ፕለጊን በአዲስ ስርዓት ላይ ሲጫን የዊንዶውሱ መከላከያ ሊያጠፋው ይችላል፤ መከላከያውን አጥፍቶ መጫን ደግሞ ለደኅንነት ብለን ያደረግነውን ማሻሻያ ትርጉም ያሳጣዋል። እኔ ይህን አጋጣሚ የተጠቀምኩት እንዲህ ያሉትን በነጻ ከሚሰጡና ከሶፍትዌሩ ጋር ከሚመጡ ፕለጊኖች ለመተካት ነው። የድምፅ ቃና ማስተካከያው ኢኪውም የድምፅ ከፍታ ማመጣጠኛው ኮምፕረሰርም ከሚጠበቀው በላይ በቂ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

አዲሱ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው እንቅፋት የሳውንድ ካርዱ ድራይቨር ነበር። ዊንዶውስ 11 በአዲስ ሲጫን ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው ጥበቃ ብዙውን ጊዜ በርቶ ይመጣል፤ ይህ ጥበቃ መስፈርቱን የማያሟላ የቆየ ድራይቨር እንዳይጫን ያግዳል። ለዓመታት የተገለገልኩበት ድራይቨር ታገደ። ሳውንድ ካርዱ በኮምፒውተሩ ላይ ስለታየ ይሠራል ብሎ የሚታለል ሰው ሊኖር ይችላል፤ የሚታየው ግን በዊንዶውሱ አጠቃላይ ድራይቨር ነው፤ አሲዮ የሚባለው ለቀረጻ የሚያስፈልገን ፈጣን መንገድ በዚያ ውስጥ የለም። ጥበቃውን ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙዎችም ይህንኑ ይመክራሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የአምራቹን አዲስ ድራይቨር ፈለግሁ፤ ለዊንዶውስ 11 የተዘጋጀ እትም ነበረው፤ ተጫነ። ከዚህ የተነሣ የምመክረው አንድ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከማየት በፊት የሳውንድ ካርዱ አምራች በመጪው ስርዓት ላይ የሚሠራ የአሲዮ ድራይቨር ማውጣቱን አጣሩ። ካላወጣ የማሳደጉ ጉዳይ ያን ቀን እዚያው ላይ ይቁም፤ ወይም ሳውንድ ካርድ መግዣ ይመደብ።

ድራይቨሩ ተጫነ ማለት ግን በትክክል ይሠራል ማለት አይደለም። ይህን ለማወቅ ያደረግሁትን ፍተሻ ማንም ሰው በአንድ ገመድ ሊያደርገው ይችላል። ከሳውንድ ካርዱ አንድ መውጫ ወደ አንድ መግቢያ አጭር ገመድ አገናኘሁ፤ በኪውቤዝ ውስጥ ሰላ ያለ የከበሮ ምት ያለበትን ትራክ አጫውቼ ያንኑ ድምፅ በሌላ ትራክ ላይ መልሼ ቀረጽሁ። ከዚያ ሁለቱን ትራኮች አንዱን ከሌላው በታች አድርጌ ሞገዱ እስከ ነጠላ ሳምፕል (ድምፁ በዲጂታል የተለካበት አንዲት ነጥብ) እስኪታይ አጎላሁት። በአሮጌው ዲስክ ላይ ሁለቱ ምቶች በአንድ መስመር ላይ ይቆማሉ። በአዲሱ ላይ ግን የተቀረጸው ከዋናው ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት፤ ልዩነቱ ሦስት ሚሊሰከንድ ያህል ነበር፤ በ48 ኪሎኸርዝ 144 ሳምፕል መሆኑ ነው። አዲሱ ድራይቨር የራሱን መዘግየት ለሶፍትዌሩ የሚናገረው በትክክል ስላልነበረ፣ ሶፍትዌሩም የሚያካክሰው በተሳሳተ ቁጥር ነበር። ሦስት ሚሊሰከንድ በአንድ ትራክ ላይ ለጆሮ አይታወቅም ይባል ይሆናል፤ ግን ከበሮ ላይ ጭብጨባ፣ ጭብጨባው ላይ እልልታ፣ በዚያ ላይ ተቀባዮች እየተደረቡ ሲቀረጹ ሁሉም ከዋናው ምት እኩል ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ እስክስታ የሚያስመታው ዘፈን ፈዘዝ ብሎ ይቀራል፤ ምክንያቱንም ማንም አይደርስበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ቀረጻውን በሳምፕል ቆጥሮ የሚያስተካክል ቦታ አለ፤ ቁጥሩን አስገብቼ ፍተሻውን ስደግመው ምቶቹ ገጠሙ። የባፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅምበት ማቆያ፣ መጠን በተቀየረ ቁጥር ግን ፍተሻው መደገም አለበት።

ቀጥሎ የሰው ጆሮ ያስፈልገኝ ነበር። ወቅቱ ጾም በመሆኑ የበገና መዝሙር ሊቀርጹ የመጡ አንድ መምህር ነበሩ፤ ሥራቸውን በአሮጌው ዲስክ ቀርጸን ከጨረስን በኋላ ጥቂት ቆይተው እንዲፈትኑልኝ ለመንኳቸው፤ እርሳቸውም ፈቃደኛ ሆኑ። ድምፃቸው በሄድፎን የሚደርሳቸው በኮምፒውተሩ ውስጥ አልፎ፣ ትንሽ ማስተጋቢያ ተጨምሮበት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ባፈሩ 128 ሳምፕል ሲሆን 2.7 ሚሊሰከንድ፣ 256 ሲሆን 5.3፣ 512 ሲሆን 10.7 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ገብቶ እስኪወጣ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቁጥሩን ሳልነግራቸው ከ512 ጀመርኩ። መምህሩ ሁለት ስንኝ ያህል ደርድረው እጃቸውን አውታሩ ላይ አሳረፉና፣ «ልጄ፣ እኔ ነካሁት፤ እርሱ ግን ቆይቶ ነው የሚመልስልኝ» አሉኝ። ወደ 256 ሳወርደው፣ «አሁን ይሻላል፤ ግን ገና ነው» አሉ። በ128 ላይ ምንም ሳይናገሩ ዐይናቸውን ጨፍነው መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘለቁት። «አሁንስ እንዴት ሆነልዎት፣ መምህር?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አሁን እኔና በገናው ብቻ ነን» አሉኝ። ከዚህ በላይ የሚያረካ የፍተሻ ውጤት ከየትኛውም ፕሮግራም አላገኘሁም።

በገና ግን ሌላም ነገር አስተማረኝ። አሥሩ አውታሮች በበርኩማው ላይ ሲያልፉ በሥራቸው የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራ የምንላቸው፣ ያን የሚነዝር ድምፅ ይሰጡታል። ኮምፒውተሩ ለአፍታ ሲደናቀፍ በቀረጻው ላይ የሚሰማው «ጢቅ» የሚል ድምፅ በዚህ ንዝረት ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። በጆሮ ብቻ ሰምቼ ንጹሕ ነው ባልሁት ቀረጻ ላይ፣ መምህሩ ትንፋሽ በሚወስዱባቸው ክፍት ቦታዎች ሞገዱን አጉልቼ ስመለከት፣ እንደ ተቆረጠ ክር በአንድ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰበረ መስመር አገኘሁ። ስለዚህ የምርመራውን መንገድ ቀየርኩ። ቋሚ የ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ በዚያው አጭር ገመድ አማካይነት ለረጅም ጊዜ እየቀረጽሁ ሞገዱ የተሰበረበትን ቦታ ፈለግሁ፤ ቋሚ ድምፅ ላይ ትንሹም ስብራት ይታያል። ከዚያ ሌተንሲሞን በተባለው ነጻ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን የሚይዘው የትኛው ድራይቨር እንደሆነ አየሁ። ዋናው ችግር ፈጣሪ የዋይፋዩ ድራይቨር ነበር። የኃይል አጠቃቀሙም በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ በመካከለኛው አቀማመጥ ላይ ነበር፤ የዩኤስቢ መውጫዎችንም ኃይል ለመቆጠብ ሲል ያስተኛቸው ነበር። ሁለቱን አስተካክዬ፣ ቀረጻ በሚካሄድበት ጊዜ ዋይፋዩን መዝጋት ልማድ አደረግሁ፤ ሳውንድ ካርዱንም ከኬዙ ፊት ካለው መውጫ አንሥቼ በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሰካሁት። ስብራቱ ጠፋ።

ከመጀመሪያው ለራሴ ያስቀመጥኳቸው መስፈርቶች ነበሩ፤ ሁሉም ሰው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ቢያሰፍራቸው መልካም ነው፤ በሥራው መካከል ሲደክም መስፈርቱን ዝቅ የማድረግ ፈተና ይመጣልና። ስምንቱም መግቢያ በአንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ያለ ስብራት መቅረጽ፣ በአሮጌው ስርዓት እሠራበት በነበረው ባፈር መሥራት፣ ያላለቁት ፕሮጀክቶች በሙሉ ወይም በፕለጊናቸው ወይም በተቀረጸ ድምፃቸው መከፈት የግድ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ባይሟላ ወደ አሮጌው ዲስክ እመለስና ጉዳዩን ለሚቀጥለው ዓመት ጾም አቆየው ነበር። ተሟሉ፤ አዲሱ ዲስክ ዋና ሆነ። አንዳንድ የቆዩ ፕለጊኖች ጨርሶ አልተከፈቱም፤ በእነርሱ የተሠሩ ዘፈኖች ባለቤቶች ለውጥ ሲጠይቁ አሮጌውን ዲስክ ሰክቼ እሠራላቸዋለሁ።

አሁን ማን ይቆይ ማን ይደግ ለሚለው ያለኝን አስተያየት ልግለጽ። ሳውንድ ካርዱ ድራይቨር የሌለው፣ ወይም ኮምፒውተሩ መስፈርቱን የማያሟላ፣ ወይም በእጁ ለፋሲካ የሚደርስ ያላለቀ አልበም ያለው ሰው ይቆይ፤ የቀረጻ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ይለይ እንጂ ምንም አይቀርበትም። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ አሮጌውን ለማሳደግ ከመድከም ይልቅ አዲሱን በአዲስ ስርዓት አዘጋጅቶ ሁለቱን ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ያሠራ። ዕቃው ብቁ የሆነና ጸጥ ያለ የሥራ ወቅት ያገኘ ሰው ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ቀን ባያቆየው ይመረጣል፤ በችኮላ የሚደረግ ማሻሻያ ፍተሻውን ያስዘልላል።

ካሳደጋችሁ በኋላ ዊንዶውሱ በራሱ ጊዜ የሚያመጣቸውን ማሻሻያዎች መቆጣጠር ይኖርባችኋል። በማስተካከያው ውስጥ ማሻሻያን እስከ 5 ሳምንት ድረስ ማዘግየት ይቻላል፤ እኔም ትልቅ ቀረጻ ሲኖረኝና ከጥምቀት እስከ ሰርጉ ማብቂያ ባለው ጊዜ ይህን እያደስኩ እጠቀማለሁ። ጊዜው ሲያልፍ ማሻሻያዎቹን በአንድ ጊዜ እቀበልና ያንን የገመድ ፍተሻ እደግመዋለሁ፤ ከማሻሻያ በኋላ ድራይቨር ሳይታወቅ የሚቀየርበትና የኃይል አቀማመጡ የሚመለስበት ጊዜ አለና፣ ቀጣዩ ደንበኛ ማይክ ፊት ከመቆሙ በፊት ማወቁ ይሻላል።